የልጆች መጽሐፍ ደረጃ በቃል ቆጠራ አይወጣለትም

ክቡር አዘጋጅ፣

ታብሌትና ፕሮጀክተር ክፍል ውስጥ መግባታቸው ደግ ነው። «ደረጃ 1»፣ «ደረጃ 2» እየተባሉ የተደረደሩ የአማርኛ ተረቶችም በነፃ ይገኛሉ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ ትምህርት ቤቶች እነዚህን ለሚያስነብቡ መምህራን ግን አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑት።

ብዙዎቹ የደረጃ አወጣጦች የሚቆጥሩት ቃል ነው። መነሻው ደቡብ አፍሪካ የሆነው የነፃ የልጆች ተረቶች ድረ ገጽ አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ ለምሳሌ፣ በአንድ ገጽ እስከ 11 ቃል ያለውን ደረጃ 1፣ ከዚያ በላይ እስከ 25 ያለውን ደረጃ 2፣ ከ26 እስከ 50 ያለውን ደረጃ 3 ይለዋል። ለእንግሊዝኛ ያስኬዳል። አማርኛ ግን ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ አሉታውንም ግሱ ላይ ይጭናል። «አልሰበርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት 5 ቃል ይፈጃል። ልጁ ግን 9 ፊደል መልቀም አለበት፤ ከ9ኙ አንዷ «ኳ» ደግሞ 33ቱ ፊደላት በ7 በ7 ተዘርዝረው ከሚሰጡት 231 ውጭ ያለች ዲቃላ ናት።

«ላም ሣር በላች» 3 ቃል፣ 7 ፊደል ነው። «ከጎረቤቶቻችን ተበድረን እንመልስላቸዋለን» የሚለውም 3 ቃል ነው፤ ፊደሉ ግን 23። በቃል ቆጠራ ሁለቱ እኩል ናቸው። የ2ኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያውን በአንድ ትንፋሽ ይለዋል። ሁለተኛው ላይ «ከጎ... ከጎረ...» ሲል ቆይቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ መነሻው ይጠፋዋል፤ ከዚያ ሥዕሉን አየት አድርጎ ይገምታል። መምህሩም «ደረጃ 1 እንኳ አቃተው» ብሎ ይመዘግባል። የወደቀው ግን ልጁ ሳይሆን የደረጃ መለያው ነው።

ስለዚህ ተረቱ ልጁ እጅ ከመግባቱ በፊት መምህሩ ራሱ ይመዝነው፤ ለአጭር ተረት 10 ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ የረጅሙን ቃል ፊደል መቁጠር ነው፦ እስከ 3 ለጀማሪ፣ እስከ 5 ለሚከተለው፣ እስከ 7 ለሦስተኛው፣ ከዚያ በላይ ንባብ ለቀናው። ይህ የእኔ መነሻ ነው፤ እንደ ክፍሉ ይስተካከል። ቀጥሎ ዲቃላዎቹንና ልጆች እምብዛም የማያገኟቸውን ዠ፣ ጰ፣ ኸ መልቀም ነው። ከዚያ ጠብቀውም ላልተውም የሚነበቡትን ማስመር፦ «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ»። ጽሕፈታችን ማጥበቅን አያሳይምና፣ «ዋና» የውኃ ይሁን የአለቃ የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። አላልቶ ጀምሮ ተመልሶ ያጠበቀ ልጅ ትርጉሙን እየተከታተለ ነውና ስህተት አይያዝበት። አስቸጋሪው አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ደግሞ መቀየር ይቻላል፤ አብዛኞቹ የአፍሪካን ስቶሪቡክ ተረቶች ምንጩን ጠቅሶ ማሻሻልንና ማባዛትን በሚፈቅድ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጡ ናቸው።

ወደ ምዘናው ስንመጣ፣ ልጁ ቀድሞ ካላየው ጽሑፍ 50 ቃል ያህል ያነባል፤ መምህሩ የጽሑፉን ቅጂ ይዞ ስህተቱን እላዩ ላይ ያሰፍራል። ስህተቱ እስከ 2 ከሆነ መጽሐፉን ብቻውን ያንብበው። ከ3 እስከ 5 ከሆነ ከመምህር ጋር የሚማርበት ነው። ከ5 ካለፈ ዝቅ ያለ ይሰጠው። በሌላው ዓለም የተለመዱት፣ በትክክል የተነበበውን ቃል የሚለኩት የ95 እና የ90 በመቶ መስመሮች እዚህ ላይ ያርፋሉ። ራሱ ያረመው አይቆጠርም። በመጨረሻ 2 ጥያቄ፦ አንዱ መልሱ ጽሑፉ ላይ ያለ፣ አንዱ አስቦ የሚደርስበት። ሁሉም 3 ደቂቃ ነው። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል በቀን 5 ልጅ ቢደመጥ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 15ቱን ይወስዳል፤ በ10 የትምህርት ቀን ክፍሉ ይዳረሳል።

ከብዛቱ ይልቅ የስህተቱ ዓይነት ይናገራል። «በ»ን «ባ» የሚል ልጅ ግዕዝና ራብዕ ተደበላልቀውበታል። «ለ»ን «ሰ» የሚል ቅርጹ አልተለየለትም። «ቤቶቻችን»ን «ቤቶች» ብሎ የሚያልፈው ግን ፊደል አልጎደለውም፤ የሚውጠው ቅጥያውን ነው። ለእርሱ ሰሌዳ ላይ ቤት፣ ቤቶች፣ ቤቶቻችን፣ ከቤቶቻችን እያሉ ቃሉን መገንባት ይረዳዋል። ሦስቱንም «ደካማ አንባቢ» ብሎ የፊደል ገበታ ማስቆጠር ሦስተኛውን ማሰልቸት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ማርክ ሊስት ውስጥ ከገባ ይበላሻል። ተከታታይ ምዘና በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ውስጥ ነበረ፤ በተግባር ከ5 እና ከ10 የሚያዝ ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀረ። ማርክ ያለበት ንባብ ላይ ልጁ ቀላሉን መጽሐፍ ይመርጣል፣ ገጹን ይሸመድዳል፤ መምህሩም ሳጥኑን ለመሙላት ይቸኩላል። ተመራማሪዋ ሩት በትለር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ተሻሽለዋል፤ አስተያየቱ ላይ ውጤት የታከለላቸው ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። አይገርምም፤ ወረቀት ሲመለስልን ሁላችንም ቀድመን የምናየው ቀዩን ቁጥር ነበር።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ልበል። የንባብ መተግበሪያው «12 መጽሐፍ አንብቧል» ሲል የቆጠረው የተገለበጠ ገጽ ነው። ድምፅ ያለውን ተረት ልጁ ሰምቶ ብቻ ሊያልፈው ስለሚችል በምዘና ጊዜ ድምፁ ይዘጋ። ባለ 3 ምርጫ ጥያቄ ሳያነቡም በግምት ከ3 አንዱን ያስመልሳል። ፕሮጀክተር ላይ በኅብረት የተነበበ ተረት ቶሎ በቃል ይያዛልና፣ ለምዘና ሌላ ተረት ከመካከሉ ይጀመር። ተረቶቹን በፒዲኤፍ አውርዶ በየደረጃው ፎልደር ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ኔትወርክ ከመጠበቅ ያድናል፤ የፊደሉ ቅርጽ (ፎንቱ) በውስጡ የታቀፈ ፒዲኤፍ አሮጌ ታብሌት ላይም ባዶ ሳጥን ሆኖ አይወጣም። መብራት ለሚሄድበት ቀን ደግሞ ከየደረጃው ሁለት ሦስት ተረት በወረቀት ይኑር፤ አራት ኪሎ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም።

የትምህርት ቢሮውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የአማርኛ ዲጂታል መጽሐፍ ሲቀበል ከደረጃው ቁጥር ጎን የረጅሙ ቃል ፊደል ብዛት እንዲጻፍ ያዝዝ። አሳታሚውን አያከስረውም፤ ኮምፒውተሩ በአንድ አፍታ ይቆጥረዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር፣ ከአራዳ ክፍለ ከተማ