ለዴሞክራሲ የተሰጠው ገንዘብ ሒሳቡ ለማን ይቀርባል?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) በሰኔ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሩን ከዘጋ ወዲህ በጋዜጦች ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲፈራረቅ አነባለሁ። አንደኛው ወገን የሰው ወርቅ አያደምቅ ብሎ ይጀምርና እሰይ ተገላገልን ብሎ ይጨርሳል። ሌላው ወገን ዴሞክራሲ ያለ ለጋሽ ሊሞት ነው እያለ ሙሾ ያወርዳል። የሚገርመኝ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሰጪውና ስለ መንግሥት መሆኑ ነው። ገንዘቡ በስሙ የተጠየቀለት፣ ሪፖርቱም በስሙ የተጻፈለት የወረዳ ነዋሪ በክርክሩ ውስጥ የለም። ይህን ደብዳቤ ከሐዋሳ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ገንዘቡ የዋዛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢትዮጵያ ከአሜሪካ መንግሥት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕርዳታ አግኝታለች፤ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ሁሉ ቀዳሚዋም ነበረች። አብዛኛው ስንዴና መድኃኒት ነው። ለምርጫ፣ ለፍትሕ፣ ለመገናኛ ብዙኃንና ለመብት ተሟጋቾች የሚደርሰው ከአጠቃላዩ ጥቂቱ ነው፤ ጠቡ ግን ሁልጊዜ በዚያ በጥቂቱ ላይ ነው። እንግሊዝም ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ትሰጥ የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 0.5 አወረደችው፤ እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ ወደ 0.3 ልታወርደው ወስናለች። የድሮው ዕርዳታ በድሮው መጠን ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሆኖም የቀረውም ሆነ ነገ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ገንዘብ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ሒሳቡ የሚወራረደው ለማን ነው?

ሐዋሳ ይህን ለመጠየቅ የምትመች ከተማ ናት። ሐይቁም አየሩም ስለሚማርክ ስለ ዴሞክራሲ የሚመክሩ ስብሰባዎች በእኛና በአዳማ ሆቴሎች አዳራሽ ሲካሄዱ ኖረዋል። የለጋሹ አርማ ያረፈበት ባነር ይሰቀላል፤ በር ላይ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል፤ የመክፈቻ ንግግሩ ከተያዘለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ተሳታፊው በቡድን ተከፍሎ በትልቅ ወረቀት ላይ ተግዳሮቶችና የመፍትሔ ሐሳቦች የሚል ሰንጠረዥ ይሞላል። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙን የሚያዳምጠው የለም፤ የሁሉም ዓይን የአበል መፈረሚያውን ቅጽ ይዞ ጥግ ላይ በተቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ላይ ነው። ዛሬ ስለ ሰብዓዊ መብት የሠለጠነው የቢሮ ኃላፊ በሳምንቱ ስለ ምርጫ፣ በወሩ ስለ ሰላም ግንባታ ይሠለጥናል። በሪፖርቱ ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ ጠብሳ የምታድር እናት ግን ከሦስቱ በአንዱም አልተቆጠረችም። (የአስተናጋጆቹንና የባጃጅ ሾፌሮቹን እንጀራ አልክድም። በከተማችን የዴሞክራሲ ግንባታ ፕሮግራም ጎልቶ የሚታየው ውጤት የሆቴል ፎቅ ነው ብል ብዙ ሰው የሚቃወመኝ አይመስለኝም።)

ከዚህ የተሻለ ነገርም አይተናል፤ ደግሞ ብዙ ሰው ረስቶታል። ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስና ደም መፋሰስ ምክንያት ለጋሾች በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና የሚያስገቡትን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ጨርሰው እንዳይሄዱ የመምህሩና የጤና ሠራተኛዋ ደመወዝ አሳሰባቸው። በ1998 ዓ.ም. መላ ተገኘ፤ በዓለም ባንክ አስተባባሪነት ፒቢኤስ የተባለው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተጀመረና ገንዘቡ በክልሎች በኩል ለወረዳዎች ይደርስ ጀመር። ከገንዘቡ ጋር አንዲት ግዴታ ተከትላ መጣች፤ ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ ተደረገ።

ያኔ ከከተማው ወጣ ባለ ወረዳ አስተምር ነበር። በገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ትልቅ ሰንጠረዥ በግራ በኩል ወደ ታች ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውኃ፣ መንገድ ይላል፤ ከላይ በአግድም ደግሞ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃ፣ ካፒታል። ቁጥሮቹ በማርከር በእጅ የተሞሉ ነበሩ። የትምህርትን መስመር በጣት ተከትሎ የሄደ ሰው ከደመወዝ የተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ለየትምህርት ቤቱ ስትካፈል ለጠመኔ እንኳ እንደማትበቃ ይገባዋል። ወላጆች ርዕሰ መምህሩ በላው እያሉ የሚያሙት ገንዘብ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ሐሜቱ በረደ፤ ጥያቄው ግን አድራሻውን ለውጦ ወደ ወረዳው ምክር ቤት ሄደ። ካቢኔው ለመኪና የመደበውን ገንዘብ ከጠመኔው ጋር እያነጻጸረ የሚጠይቅ ገበሬ ያየሁት በዚያ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም መጣ፤ ሁለተኛው ምዕራፉ ከ200 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ተገልጋዮች ለብቻቸው፣ ሠራተኞች ለብቻቸው ተቀምጠው ለአንድ አገልግሎት ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያ የወረዳው ኃላፊዎች ባሉበት ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በተገኘሁበት ስብሰባ እናቶች ለትምህርት ቤቱ የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ከአምስት አንድ ሰጡ። መምህራኑ ሦስት ሰጥተን ነበር። አንዲት እናት ተነሥተው በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ)፣ በር ለሌለው መጸዳጃ ሦስት የሰጠው መምህር ማን እንደሆነ እጁን አውጥቶ እንዲያሳያቸው ጠየቁ። ማንም እጁን አላወጣም። ርዕሰ መምህሩ ተቆጣ፤ የወረዳው ተወካይ ማስታወሻው ላይ አቀርቅሮ ብዙ ጻፈ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት በሩ ተገጠመ። ለዚያ ስብሰባ አበል የተቀበለ ሰው የለም፤ ከእንግሊዝና ከሌሎች አገሮች ግብር ከፋዮች ኪስ ከወጣው ገንዘብ እንደዚያ በር ጥሩ ቦታ የዋለ አላውቅም።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ሲሆን የመብት ማኅበራት መታፈናቸው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ፤ ለተበደሉ ሴቶች በነፃ ጥብቅና ይቆም የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም የባንክ ሒሳቡ ታግዶ ተዳከመ። ከምርጫ 97 በኋላ አኩርፈው የነበሩት ለጋሾች በዚህኛው መግለጫ አውጥተው የፒቢኤስን ክፍያ ቀጠሉ። አልፈርድባቸውም፤ የእኔም ደመወዝ ከዚያው ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ። ያ የጨለማ ዘመን ግን አንድ ጉድለት አሳይቶናል። ማኅበራት ሲዘጉ የሠፈር ሰው «የእኛ ነው» ብሎ የተነሣላቸው ጥቂት ናቸው። ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ፣ በውጭ ገንዘብ የቆመ ድርጅት ዓመታዊ ሒሳቡን ለሰጪው ይልካል እንጂ ለሠፈሩ አያነብም። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ግን የጎደለች አንዲት ብርጭቆ ሳትቀር በአባላቱ ፊት ትጠየቅበታለች፤ ስለዚህም እድርን የሚነካ ሰው ከመንደሩ ጋር ይጣላል።

ለጋሾች በዴሞክራሲ ስም የሚያደርጉት ሌላው ነገር ቅጣት ነው፤ የሐዋሳ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ 52 የማምረቻ ሼዶች ይዞ ሥራ ሲጀምር ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ልጃገረዶች ከተማውን ሞሉት። ደመወዙ በጣም አነስተኛ ስለነበር ለአራትም ለአምስትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስፌታቸው ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ የሚገባው አጎዋ በተባለው፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በሰጠችው የንግድ ዕድል ነበር። በሰሜኑ ጦርነት በተፈጸመው የመብት ጥሰት ምክንያት ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ተሰረዘች። ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ቀኑ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም፤ በኅዳር ወር ለቅቆ እንደሚወጣ አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረትም ከዚያ በፊት ወደ 90 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ የበጀት ድጋፍ አግዶ ነበር።

ጥሰቱ አልነበረም የሚል ሰው ጋር አልስማማም፤ ያ ጦርነት ብዙ ቤት አፍርሷል። የምጠይቀው ቅጣቱ ማን ላይ አረፈ ብዬ ነው። ጦርነቱን የወሰነ ሰው በሐዋሳ ፓርክ ሸሚዝ አይሰፋም። ልጅቷ ከወር ደመወዟ ቀንሳ ለወንድሟ ደብተር ትልክ ነበር፤ ከዋሽንግተን የመጣው ውሳኔ ወንድሟን ከትምህርት ገበታ ሲያስነሣው የመብት ጥበቃ የሚለው ስሙ ለእሷ ምን ትርጉም ይሰጣታል? ቅጣት ግድ ከሆነ የባለሥልጣናት የባንክ ሒሳብና የጉዞ ሰነድ አለ።

እንግዲህ ከለጋሽ መንግሥታትም ከእኛም መንግሥት የምጠብቀው ብዙ አይደለም። ወደ ሲዳማ የሚገባ የማንኛውም አገር ገንዘብ ለየወረዳው የደረሰው ድርሻ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ይለጠፍ፤ ለሆቴልና ለአበል የወጣው ለብቻው መስመር ይሰጠው። እናቶቹ ለመጸዳጃው ነጥብ እንደሰጡ ለፕሮጀክቱም ነጥብ ይስጡት፤ ነጥቡም ሳይታረም ከሪፖርቱ ጋር ይሂድ። አቋርጠው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ቀድመው ለተጠቃሚው ይንገሩት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲታገድ እንደሆነው በአንድ ፊርማ ክሊኒክ ባዶ መሆን የለበትም። መንግሥታችንም ለጋሹ ሲወጣ እፎይ ማለት የለበትም። የውጭው ገንዘብ በቀነሰ ቁጥር ወረዳው የሚያወጣው የእኛን ግብር ነው፤ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ያለን መብት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ያ ልጥፍ ግን ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ግድግዳ ላይ የለም፤ ባለበትም ቁጥሩ ያለፈ ዓመት ነው።

እናንተም አንድ ሥራ አለባችሁ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። የዘንድሮውን የአንድ ወረዳ በጀት፣ ከውጭ ዕርዳታ ያገኘውን ጨምራችሁ፣ በደብዳቤ ጠይቁ። መልሱ ከመጣ ሰንጠረዡን እንዳለ አትሙት። ካልመጣም የላካችሁትን ደብዳቤ ከነቀኑ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ