እጅሽን ስጫት

እህት ዓለም፣

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁብሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ልጄ መስማት እንደማትችል የተነገረኝ ቀን «ምን አድርጌ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ውስጤ ገባና ሰው ማነጋገር ከበደኝ። ነፍሰ ጡር ሳለሁ የዋጥኩት ክኒን፣ የያዘኝ ትኩሳት፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ ራሴን ስከስስ ኖርኩ። እንደ እግር እሳት ነበር የሚያንገበግበኝ።

እግር የተከለችው ወደ ሁለት ዓመቷ ነው። የሰነፈች መስሎን ነበር።

አምና አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በምልክት ቋንቋ ሳወራት ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ አንጓዬን ይዛ እየጎተተች መብራቱ ሥር ወሰደችኝና እጄን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገችው። ለካ እጄ አልታያትም ኖሯል።

በደም ምርመራ አሸር ሲንድሮም የሚባል፣ መስማትንም ማየትንም የሚጎዳ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ስሙ የመጣው በ1914 እ.ኤ.አ. በዘር እንደሚተላለፍ ካሳየው ብሪታኒያዊ የዓይን ሐኪም ከቻርልስ አሸር ነው። የእሷ ዓይነት የሚመጣው ሃርሞኒን የሚባል ፕሮቲን ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ፕሮቲን ሌሊት ሌሊት ሳነብ ከረምኩ፤ ታገሺኝና ልንገርሽ። በውስጥ ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት አናታቸው ላይ በቁመት ተራ የቆሙ ደቃቅ ዘንጎች አሏቸው። ዘንግ ከዘንግ በቀጭን ክር ተያይዟል። ድምፅ ሲመጣ ዘንጎቹ ዘንበል ይላሉ፣ ክሩ ይወጠራል፣ ሕዋሱ ላይ ያለው በር ይከፈትና መልእክቱ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሃርሞኒን የክሩን የላይኛውን ጫፍ ከዘንጉ ጋር አጣብቆ የሚይዝ ነው፤ እንደ ግድግዳ ማገር ሌሎቹን ማያያዝ ነው ሥራው። እሱ ሲጎድል ዘንጎቹ ቅርጻቸውን ያጣሉ። ሚዛናችንን የሚጠብቁት ሕዋሳትም እንደዚያው የተሠሩ ናቸው፤ ዘግይታ የሄደችው ለዚህ ነበር፣ ልጄን በስንፍና አማኋት! ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ክፍል፣ በሬቲናም ውስጥ ይኸው ፕሮቲን አለ። መጀመሪያ የማታ እይታ ይደክማል፣ ከዚያ የጎን እይታ እየጠበበ ይሄዳል።

የተበላሸውን ጂን አንዱን ከእኔ፣ አንዱን ከአባቷ ወስዳለች። እኛ አንድ አንድ ጤነኛ ስላለን ምንም አልሆንንም። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ 25 በመቶ ነው። የክኒኑም የትኩሳቱም ጥፋት አልነበረም። ሐኪሟ ይህን ስታስረዳኝ ያለቀስኩት ለልጄ ብቻ አልነበረም።

በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ተመራማሪዎች ጤነኛውን ጂን በማይጎዳ ቫይረስ አሳፍረው አዲስ የተወለዱ አይጦች ጆሮ ውስጥ ከተቱት፤ ከአይጦቹ አንዳንዶቹ ሹክሹክታ የሚያህል ድምፅ ሰሙ። ግን የአይጥ ጆሮ ከተወለደች በኋላ ነው የሚበስለው፤ የሰው ልጅ ያንን ደረጃ በማሕፀን ሳለ ያልፈዋል። ለልጄ ጆሮ አልደረሰላትም። ዓይኗ ግን የሚደክመው ቀስ በቀስ ነው፤ ተስፋዬን እዚያ ላይ ጥያለሁ።

አሁን ማታ ማታ መብራት አጥፍተን እንለማመዳለን። እጇን እጄ ላይ ታሳርፍና የምላትን በመዳሰስ ታነባለች። ትናንት ስለ አንቺ ነገርኳት፤ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። ስትመጪ ከጎኗ አትምጪባት፣ ትደነግጣለች፤ ፊት ለፊቷ ብርሃን ላይ ቁሚላት። ከመሸ ደግሞ እጅሽን ስጫት።

ያንቺው