የውሻን ድምፅ በቢላ አትቁረጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለገጣፎ ውስጥ ውሻ እያሠለጠንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሰሞኑን ሰፈራችን ውስጥ የሚወራ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ውሻ እንዳይጮኽ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ማስደረግ።

ወሬው የተነሣው ከአሜሪካ ጠቅልለው የገቡ ጎረቤቶቻችን ካመጡት ጀርመን ሼፐርድ ነው። ድምፁ እዚያው እያለ ተቆርጧል። እንዳሠለጥነው ግቢዬ አመጡልኝ። የውጭው በር ሲንኳኳ ብድግ አለ። አንገቱ ተገተረ፣ አፉን ከፈተ፣ ደረቱ ወጣ ገባ አለ። የተሰማው ግን ከተበሳ ጎማ እንደሚወጣ አየር ያለ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ሳል ያዘው። ውኃ ሲጠጣም ትን ይለዋል። እሱ ግን አሁንም ግቢ የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ አንጀቴን በላው።

ይህን ያዩ ሌሎች ጎረቤቶች ደግሞ ወደዱት! «ወንድሜ፣ የኛንም እንዲህ የሚያደርግ ሐኪም ፈልግልን» ይሉኛል። አልፈልግም።

ሥራው ቀላል አይደለም። የድምፅ ጅማቶቹ በአፍ በኩል ወይም ማንቁርቱ ተከፍቶ ይቆረጣሉ። ጠባሳው የአየር መተላለፊያውን ሊያጠበው ይችላል። ምግብና ውኃ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣም ይችላል። አንዳንዱ ውሻ ላይ ደግሞ ከወራት በኋላ ድምፁ ጎርነን ብሎ ይመለሳል፤ ያ ሁሉ ስቃይ በከንቱ። የአውሮፓ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ገና በ1987 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል። አሜሪካ ውስጥም ማሳቹሴትስ በ2010 እ.ኤ.አ. ያለ ሕክምና ምክንያት እንዳይደረግ ሕግ አውጥታለች።

ከኔ ጋር የሚሠለጥኑ የሰፈሩ ወጣቶች አይጂፒ የሚባለውን የሥራ ውሾች ውድድር በስልካቸው ያያሉ። አንድ ቀን እኛም እንወዳደራለን ይላሉ። ውድድሩ ሦስት ክፍል አለው፦ ዱካ መከተል፣ መታዘዝና ጥበቃ። እያንዳንዱ 100 ነጥብ ይይዛል፤ ለማለፍ በእያንዳንዱ ቢያንስ 70 ያስፈልጋል። በጥበቃው ክፍል ውሻው መደበቂያዎቹን እየዞረ የተሸሸገውን ሰው ይፈልጋል። ሲያገኘው ግን መንከስ የለበትም። ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ዳኛው ያንን ጩኸት ይመዝናል። ጉልበት አለው? ይቆራረጣል? ውሻው ደፍሮ ነው ወይስ ፈርቶ? ድምፁ የተቆረጠ ውሻ ምን ያህል ጎበዝ ቢሆን በምን ያሳይ?

ቦርደር ኮሊ የሚባለው የውሻ ዝርያ በግ የሚነዳው ሳይጮኽ በዓይኑ አፍጥጦ ነው የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ሃንታዌይ የሚባለው የኒውዚላንድ ውሻ ግን በጉን ተራራ የሚያስወጣው በጩኸቱ ነው፤ በዚያው ሥራውም ይወዳደራል። ፍርስራሽ ውስጥ ሰው የሚፈልግ ውሻም «እዚህ አለ» ብሎ ለጌታው የሚነግረው ጮኾ ነው። ለገጣፎም ቢሆን ማታ ጅብ ሲመጣ አንዱ ውሻ ሲጀምር የሰፈሩ ሁሉ ይነሣል።

ችግሩ ይገባኛል። ለጥበቃ ስናሠለጥን ሲጮኽ «ጎሽ» ብለን ሥጋ እንሰጠዋለን። ማታ ሲጮኽ ደግሞ ጎረቤት ይቆጣል። ውሻው ምን ያድርግ? መፍትሔው ሁለቱን ማስተማር ነው። «ጩኽ» ሲባል ይጮኻል፤ «በቃ» ሲባል ዝም ይላል። ዝም ባለባት ቅጽበት ሥጋውን ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ዝምታውን ቀስ በቀስ ታስረዝማላችሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ደግሞ መጮኹ አይቀርም። ጠዋት ማታ አንሸራሽሩት። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የአላፊ አግዳሚውን እግር እያየ የሚያብድ ከሆነ በቆርቆሮ ድፈኑት። ስንቱ ጠብ በአንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ በበረደ!

የእንስሳት ሐኪሞችን የምለምነው፣ በሽታ ካላስገደዳችሁ በቀር ይህን ሥራ የሚጠይቃችሁን ሁሉ እምቢ በሉ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ለተማሪዎቹ ጉዳቱን አጥብቆ ይንገርልን። ወጣቶቻችን ውድድር የሚጀምሩ ከሆነም ደንባቸው ላይ ከወዲሁ ይጻፉት፦ በሽታ ሳያስገድድ ዝም ለማሰኘት ብቻ ተብሎ ድምፁ የተቆረጠ ውሻ ያለው ባለቤት አይመዘገብም።

ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ሐኪም ከመፈለጋችሁ በፊት ውሻችሁን ይዛችሁ ወደኔ ኑ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ክፍት ነው፤ «በቃ»ን ለማስተማር ገንዘብ አልቀበልም።

አንድ የውሻ አሠልጣኝ፣ ከለገጣፎ