እጅ ያልገባበት ቡና

ጅማ፣ ኅዳር 21

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ አባ፣

ዓይንዎ እንዴት ነው? ፋሻው ሐሙስ እንደሚፈታ እህቴ ነግራኛለች። ይህንንም የምታነብልዎ እሷ ናትና፣ እባክሽ እህቴ፣ የሚያሳፍረኝን ቦታ እየዘለልሽ አታንብቢ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ብርድ ይዟታል፤ ሌላው ሰላም ነው።

አባ፣ አንድ ነገር አጥፍቼ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ያለወቅቱ ዝናብ ጣለ። ከነገለባው የተሰጣውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ ሸራ አልብሼው ነበር፤ በአጥሩ በኩል ያለው ጠርዝ ግን ተገልጦ አደረ። እሑድ ከሰዓት ሳየው ላዩን ፀሐይ መትቶት ደርቋል፤ እጄን ስሰድ ግን ከስር ለብ ብሏል፣ እርሾ እርሾ ይሸታል።

የአጋሮው ገዢ ደግሞ በቴሌግራም «ፎቶ ላክልኝ» ብሎኛል። ስልኬ ውስጥ የዓርቡ ፎቶ አለ፤ ያኔ ጀንፈሉ ደርቆ ሲነቀንቁት ይንኳኳ ነበር። እሱኑ ላክሁለት። «የዛሬ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ምንም አላልኩም። 40 ፈረሱላ ልሸጥለት ተስማማን።

ከዒሻ ሶላት በኋላ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ልጅ ሆኜ ሂርማታ ገበያ ይዘውኝ ሲሄዱ ትዝ አለኝ። ማንንም ሳያናግሩ ቀኝ ክንድዎን እስከ ክርንዎ ኬሻው ውስጥ ይሰዱና ከታች አንድ እፍኝ ያወጣሉ፤ ያሸታሉ፣ አንዷን በጥርስዎ ይሰብራሉ። እኔ ሳፍርብዎት ያንን ሐዲስ ይነግሩኝ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ፤ ጣታቸው እርጥብ ነካ። ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ሻጩ «ዝናብ መትቶት ነው» አለ። «ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም? ያታለለ ከእኔ አይደለም» አሉት።

ያን ሌሊት ነው የገባኝ፣ አባ። ያ ሰውዬ እኮ አልዋሸም። ዝናቡንም እሱ አላዘነበው። ደረቁ ከላይ እንዲሆን መተዉ ብቻ ነው ጥፋቱ። እኔስ? ፎቶ ላዩ ብቻ ነው እንጂ ስር የለውም። ገዢው አጋሮ ቁጭ ብሎ ክንዱን የሚሰድበት ቦታ የለም።

ሰኞ ጠዋት ኡስታዙን ጠየቅኳቸው። ዕቃው የተደበቀ እንከን ከተገኘበት ገዢው የመመለስ መብት አለው፣ ኺያሩል ዐይብ፣ የእንከን ምርጫ፣ ይባላል አሉኝ። (መድረሳ እያለን ይህን ስሰማ የሚበላውን አይብ ይመስለኝ ነበር፤ ሰዎች ለምን አይብ እንደሚመልሱ ይገርመኝ ነበር።) ሌላም ሐዲስ አነሱልኝ፦ ሻጭና ገዢ እስኪለያዩ ድረስ ንግዱን የማጽናት ወይም የመተው ምርጫ አላቸው፤ እውነት ተናግረው እንከኑን ከገለጹ ንግዳቸው ይባረካል፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይጠፋል። በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው መቼ ነው የሚለያየው? ኔትወርክ ሲጠፋ? ብያቸው ሳቁ። መልሱን ግን ሌላ ቀን አሉኝ።

ከሳቸው ዘንድ ስወጣ ደወልኩለትና ሁሉንም ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ቪዲዮ ቅረጽልኝ፤ እጅህን አስገባ» አለኝ። በግራዬ ስልኩን ይዤ ቀኜን እስከ ክርኔ ሰደድኩ፤ እርጥቡንም ደረቁንም አወጣሁለት። የረጠበውን ለይተን ለብቻ ልናደርቀው፣ ከዋጋው ደግሞ በፈረሱላ 200 ብር ሊቀነስ ተስማማን። 8,000 ብር ሄደ። አይቆጡኝ፤ ከቤቱ ወጪ ሳይሆን ከራሴ ድርሻ ነው።

ታናሼ ደግሞ ባጃጅ ካልገዛሁ ብሏል። ወለድ እንዳይነካ ብለው እንደመከሩት፣ ወለድ አልባው ዘምዘም ባንክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ መንገድ አለ፤ ሙራበሐ የሚሉት። ባንኩ መጀመሪያ ባጃጁን ራሱ ይገዛል፣ ከዚያ ትርፉን ገልጾ ቀስ በቀስ በሚከፈል ክፍያ ይሸጥለታል። እሱ «ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ነው» ይላል። እኔ ያልኩት፣ ባንኩ የራሱ ሳያደርገው ከሸጠልህ እውነትህን ነው፤ ስለዚህ ሂድና ወረቀቱን እይ ነው። እርስዎም ይደውሉለት፤ የእኔን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ትናንት እማ ልብስ ስታጥብ የሸሚዜን ቀኝ እጅጌ አየችው፤ እስከ ክርኑ ድረስ ቡናማ ሆኗል። ስንት ዓመት የእርስዎን እጅጌ በላርጎ ስትፈትግ እንደኖረች ያውቃሉ። አንስታ አሳየችኝና «ይሄ ደግሞ ጀመረ» አለች።

ልጅዎ