ኖርፎክ አካባቢ የሚከራይ ቤት ልትገዙ ላሰባችሁ

ውድ አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የሚወጡትን የቤት ማስታወቂያዎች እከታተላለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ቢችና ኒውፖርት ኒውስ ያሉ ቤቶች በዝተዋል። የብዙዎቹ መልእክት አንድ ነው፦ ተከራዩ ወታደር ነው፣ ኪራዩን የሚከፍለው መንግሥት ነው፣ እናንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቁጭ ብላችሁ ገንዘባችሁን ትሰበስባላችሁ። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ቢች ነው። ቤት አከራያለሁ፤ አብዛኞቹ ተከራዮቼም የባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው። ይሄ አባባል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አደገኛ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ የሚመጣው ገንዘብ እንዴት እንደተገኘ ስለማውቅ ነው። ሌሊት ታክሲ ተነድቶ፣ ፓርኪንግ ተሠርቶ፣ እቁብ ተጥሎ፣ አንዳንዴም ሦስት አራት ቤተሰብ ተሰባስቦ ያዋጣው ነው።

እውነቱን ላስቀድም። ኖርፎክ ያለው የባሕር ኃይል ጦር ሰፈር በዓለም ትልቁ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ እዚያው አለ። ከውኃው ማዶ ኒውፖርት ኒውስ የአሜሪካ የኑክሌር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚሠሩበት ብቸኛው ቦታ ነው። የአየር ኃይሉ ጦር ሰፈር ላንግሌይ አለ፣ የባሕር ኃይሉ ጄቶች የሚነሡበት ኦሺያና አለ፣ ሌላው የባሕር ኃይል ሰፈር ሊትል ክሪክ አለ። በየክረምቱ አዲስ ቤተሰብ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፣ ቤት ይፈልጋል። ስለዚህ ተከራይ ይጠፋል ብዬ አላስፈራራም።

ነገር ግን «መንግሥት ይከፍላል» የሚለው ትክክል አይደለም። ወታደሩ ከጦር ሰፈር ውጭ ሲኖር ቢኤኤች የሚባል የቤት አበል ያገኛል። አበሉ ከደሞዙ ጋር በእሱ እጅ የሚገባ ነው፣ በእናንተ ሒሳብ አይደለም። ሴክሽን 8 በሚባለው የኪራይ ድጎማ ላይ የቤቶች ቢሮ በቀጥታ ለአከራዩ እንደሚከፍለው ዓይነት የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይደለም። መጠኑ የሚወሰነው በማዕረጉ፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ መኖር አለመኖሩንና የሚሠራበትን አካባቢ በማየት ሲሆን በየዓመቱ ጥር ላይ ይቀየራል። ሲሰላም 5 በመቶ ያህሉን ወታደሩ ከኪሱ እንዲሸፍን ተደርጎ ነው። ሰንጠረዡ የተሰወረ ነገር አይደለም፤ በመከላከያ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ የጦር ሰፈሩን ዚፕ ኮድ አስገብታችሁ ታዩታላችሁ። የኖርፎኩና የኒውፖርት ኒውሱ ይለያያል። አንድ ደላላ ይሄን ያህል ኪራይ ታገኛላችሁ ካላችሁ፣ በየትኛው ማዕረግ ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ወጣት መርከበኛና አንድ መኮንን የሚያገኙት አበል በጣም ይራራቃል።

ደሞዝም ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ሲዘጋ የኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ሰዎች እየሠሩ የጥር አጋማሽ ደሞዛቸው በጊዜው አልተከፈላቸውም። እዚህ ፖርትስመዝ ብዙ የኮስት ጋርድ ቤተሰብ ይኖራል። እንዲህ ባለ ወር ሞርጌጁን ከየት እንደምትከፍሉ ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት።

ከዚያ ውሉ አለ። የአንድ ዓመት ውል ተፈራርማችሁ 12 ወር እቆጥራለሁ ካላችሁ ሕጉን አላያችሁትም ማለት ነው። የዝውውር ትእዛዝ የመጣለት ወይም 90 ቀንና ከዚያ በላይ የሚዘምት ወታደር በፌዴራል ሕግ ውሉን የማቋረጥ መብት አለው። የትእዛዙን ቅጂ አያይዞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ቀጣዩ ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን በኋላ 30 ቀን ሲሞላ ውሉ ያልቃል። ቅጣት መጠየቅ አትችሉም። የቨርጂኒያ ሕግም የራሱን ጥበቃ ይጨምርለታል። ይሄ ትክክለኛ ሕግ ነው፣ ሰውየው የሚሄደው በፈቃዱ አይደለም። ግን ሒሳባችሁ ውስጥ ቢያንስ ባዶ ወር፣ ቀለምና ጽዳት መግባት አለበት። ወቅቱንም አስቡት። ዝውውር የሚበዛው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው፤ ኅዳር ላይ የተለቀቀ ቤት ረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። ውላችሁ ሰኔ አካባቢ እንዲያልቅ አድርጋችሁ ጻፉት።

አንድ ተፎካካሪም አላችሁ፣ ማስታወቂያው የማይጠራው። ብዙ መርከበኞች እዚህ ሲመደቡ ለወታደሮች በሚሰጠው የቪኤ የቤት ብድር ያለ ዳውን ፔይመንት ቤት ይገዛሉ። ወደ ሳን ዲዬጎ ወይም ጃፓን ሲዛወሩ ደግሞ ቤቱን ያከራዩታል። እነሱ ሞርጌጁን ከሸፈነላቸው ይበቃቸዋል፤ ኪራይ ዝቅ አድርገው ያወጣሉ። ሃያና ሃያ አምስት በመቶ ቅድሚያ ከፍላችሁ፣ ለኢንቨስተር በሚሰጠው ከፍ ያለ ወለድ የገዛችሁት እናንተ ከእነሱ ጋር ነው የምትወዳደሩት።

ስለ ተከራዮቹ አንድ ነገር ካላልኩ ግን ያመኛል። መርከቡ ሲወጣ ስድስት ሰባት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ባል ባሕር ላይ ነው፣ ሚስት ሁለት ልጅ ይዛ ቤት ውስጥ ናት። ወይም ሚስት ናት የዘመተችው፣ አባት ነው የቀረው። ጥር ላይ ማሞቂያው ሲበላሽ የምትደውለው ለእናንተ ነው። በመንገድ 95 እና 64 ሦስት ሰዓት ርቃችሁ፣ ስልክ ሳታነሱ አከራይ መሆን አይቻልም። የሚያስተዳድርላችሁ ሰው ቅጠሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከኪራዩ 10 በመቶ አካባቢ ይወስዳል፣ ይውሰድ። ትእዛዝ መጥቶበት የወጣን ወታደር ውል አፈረስክ ብለው ዲፖዚቱን ያስቀሩ ወገኖች እንዳሉም ሰምቻለሁ። ይሄ ሕገ ወጥ ነው። በቨርጂኒያ ዲፖዚት ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ በ45 ቀን ውስጥም የተቀነሰው በዝርዝር ተጽፎ ቀሪው መመለስ አለበት። ከሕጉ በላይ ግን ነውር ነው። እኛም ስደተኛ ሆነን በአከራይ የተበደልን ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። እዚህ ባሕሩ እየጨመረ፣ መሬቱ ደግሞ እየሰመጠ ነው። ሲወልስ ፖይንት ላይ፣ ጦር ሰፈሩ ባለበት፣ የባሕሩ ከፍታ ከ1927 ጀምሮ ሲለካ ኖሯል። በዓመት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። ግን ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ባሕሩ ሲሞላ፣ ነፋሱም ከሰሜን ምሥራቅ ሲገፋው፣ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር ኖርፎክ ውስጥ ላርችሞንትና ሄግ በሚባሉት ሰፈሮች መንገዱ በጨው ውኃ ይሸፈናል። ሰው መኪናውን ከፍ ያለ ቦታ ያቆማል። ተከራያችሁ ሥራ መሄድ ያቅተዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ቤት ይፈልጋል። ቅዳሜ ቀን ፀሐይ ላይ መጥታችሁ ስታዩት ደግሞ ያ መንገድ ደረቅና የሚያምር ነው፣ ዛፉም ትልልቅ ነው፣ ቤቱም በዋጋው ያጓጓል።

መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። ለብቻው ይገዛል። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለአንድ ቤተሰብ ቤት ሕንፃ ቢበዛ 250,000 ዶላር ነው የሚሸፍነው፤ ከተገዛም በኋላ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን መጠበቅ አለ። ማዕበል ሊመጣ ነው ሲባል ሮጣችሁ ብትገዙት አይደርስላችሁም። ከ2021 ወዲህ ዋጋው የሚሰላው በእያንዳንዱ ቤት ሁኔታ ስለሆነ የጎረቤቱን ሰምታችሁ አትገምቱ። ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊት የዚያኑ ቤት ዋጋ በጽሑፍ አውጡ። ቤቱ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚያሳይ ሰርተፍኬት ካለ ጠይቁ። ካርታው ላይ «ኤክስ» የሚባለው ቀጠና ውስጥ ነው ቢሏችሁም አትዘናጉ፤ አደጋው ያነሰ ነው ማለት እንጂ ውኃ አይገባም ማለት አይደለም። አመሻሽ ላይ ጎረቤት አንኳኩና ይህ መንገድ ውኃ ይይዛል ወይ በሉ። ሰው አይደብቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሻጭ እንዲናገር የሚገደደው ጥቂት ነገር ነው፤ አጣርቶ መግዛት የገዢው ፋንታ ነው።

ኦሺያና አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጄት አለ። ኤፍ-18 ከጣሪያ በላይ ሲያልፍ ስልክ ላይ የሚያወራ ሰው ወሬውን ያቆማል። ቤቱ በጄት ድምፅ ወይም በአውሮፕላን አደጋ ቀጠና ውስጥ ከሆነ አከራዩ ለተከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ ተከራዩ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውሉን ጥሎ መውጣት ይችላል። ጦር ሰፈር ለዘላለም ነው የሚሉትንም አትመኑ። ሃምፕተን የነበረው ፎርት ሞንሮ በ2011 ተዘግቷል።

በሌላ በኩል ለአንዳንድ ቤተሰቦች መልካም ዕድል አለ። ልጃችሁ በባሕር ኃይል ሆኖ እዚህ ከተመደበ፣ በቪኤ ብድር እስከ አራት መኖሪያ ያለው ሕንፃ ገዝቶ በአንዱ እየኖረ ሌሎቹን ማከራየት ይችላል። ግን እሱ ራሱ መግባት አለበት። በልጅ ስም አስገዝቶ እሱን ሌላ ቦታ ማኖር ብድሩ ላይ የሐሰት ቃል መስጠት ነው፤ የልጁን ሥራ ያበላሻል።

ውድ አዘጋጅ፣ የማስታወቂያ ገቢ እንደሚያስፈልጋችሁ ይገባኛል። የምለምናችሁ ይህን ነው፦ የዚህ አካባቢ ቤት በጋዜጣችሁ ሲወጣ የጎርፍ ቀጠናው፣ የጎርፍ ኢንሹራንሱ የዓመት ዋጋና የድምፅ ቀጠናው በአማርኛ አብረው ይውጡ። ሁለት መስመር አይሞላም። አስተዋዋቂው አልጽፍም ካለ፣ «አልተገለጸም» ብላችሁ ጻፉለት፤ አንባቢው ለምን ብሎ ይደውልለታል።

አክባሪያችሁ፣
ከቨርጂኒያ ቢች