ስለ ሬዲዮ የሚያወራ ሬዲዮ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሰሞን ስለ ሬዲዮ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ውስጥ ለተቀመጡ ደንበኞች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጥሩ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን የጣቢያ ስምና ዓመተ ምሕረት በዛበት። አድማጩ የታለ? ሌሊት ሙሉ መርፌ ሲያሽከረክር የኖረው ሰው የት ገባ?

እኔ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ሬዲዮ ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዛሬ እንጀራዬ የሞባይል ስክሪን ነው። ሬዲዮን የወደድኩት ግን በአጎቴ ነው፣ እሱም የወደደው በአንድ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ «ሚዲያ ኔትዎርክ» ይባላል።

አጎቴ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። በደርግ ጊዜ ሐሙስ ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ፊሊፕስ ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። አንቴናው ጫፍ ላይ የታሰረው ሽቦ በመስኮት ወጥቶ ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር ተጠምጥሟል። ቀይዋን መርፌ በአውራ ጣቱ ፀጉር ታህል ገፋ ያደርጋታል። ሽሽሽ፣ ዊይይ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ። ድንጋዩ የደከመ እንደሆነ ቀን ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይውላል፤ ለሐሙስ መድረስ አለበት።

ፕሮግራሙ የኔዘርላንድስ ሬዲዮ ነው። ከሂልቨርሰም ተዘጋጅቶ፣ ማዳጋስካር ላይ በተከሉት ማሰራጫ በኩል 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሻግሮ እኛ ቤት ይገባል። ሌላው ሬዲዮ ስለ ዓለም ያወራል፣ ይሄ ስለ ሬዲዮ ያወራል። የትኛው ጣቢያ ተዘጋ፣ የትኛው አዲስ ሞገድ ያዘ፣ በየጫካው በድብቅ የሚያሰራጨው ማነው፣ ገበያ ላይ የወጣው አዲስ መቀበያ ገንዘብ ያወጣል ወይ? ቪክተር ጉነቲለከ የሚባል ሰው ከሲሪላንካ ሆኖ የሰማውን ይናገራል። የመቀበያ መግዣ መመሪያ የምትሆን ቡክሌትም ለጠየቀ ሁሉ በነፃ ይልኩ ነበር።

አዘጋጁ ጆናታን ማርክስ ነው። አጎቴ ስሙን በሰማ ቁጥር ይስቃል። በዚያ ዘመን በየግድግዳው የተሰቀለው ሌላኛው ማርክስ ነበራ። እኔ ግን ይሄኛውን ነው የማውቀው።

ማርክስ ጀማሪው አይደለም። የስዊድን ሬዲዮ እንዲህ ያለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1948 ጀምሮ ነበር። ኔዘርላንድሶችም ራሳቸው ቀደም ሲል «ዲኤክስ ጁክቦክስ» የሚባል ነበራቸው። «ሚዲያ ኔትዎርክ» እሱን ተክቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀመረ፣ እስከ 2000 ዘለቀ።

አጎቴ ደብተር ነበረው። ቀን፣ ሰዓት፣ ሞገድ፣ ምን ተሰማ፣ ጥራቱ ከአምስት ስንት። ይህን ጽፎ ለጣቢያው ሲልክ የማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይመጣለታል። የመጀመሪያው ሪፖርቱ ግን ጉድ ሆነ። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር መጻፍ ነበረበት። እኛ ከምሽቱ 2:30 ያልነው በዚያ አቆጣጠር 17:30 ነው። አጎቴ በሐበሻ ሰዓት 2:30 ብሎ ላከው። ከአውሮፓው ጣቢያ በጣም ትሁት የሆነች ደብዳቤ መጣች፤ በዚያ ሰዓት ወደ እናንተ አቅጣጫ ምንም አናሰራጭም ትላለች። አስተማሪ ሰው እንዲህ ሲሆን አያድርስ ነው።

ደብተሩ ቡና ኬሻ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ቁጥርና ሰዓት ተደርድሮ ያየ የቀበሌ ሰው ሰላይ እንጂ የሬዲዮ ፍቅር የያዘው ሰው ነው አይልም።

አሁን ወደ ቁም ነገሬ ልምጣ። ያ ፕሮግራም ለእኛ ቅንጦት አልነበረም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን። መካከለኛው ሞገድ ቀን ቀን ጊቤን ወጥቶ ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል። ኤፍኤም የሚባል ነገር ገና አልታሰበም። ስለዚህ የምንኖረው በአጭር ሞገድ ነው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ብስራተ ወንጌል የሚባለው ጣቢያ ነበር፤ በ1969 ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። የጀርመን ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 በአማርኛ መጡ። ይህን እናንተም ጽፋችሁታል።

ያልጻፋችሁት ይሄን ነው። አጭር ሞገድ ሽቅብ ተወንጭፎ፣ ሰማይ ላይ ያለው የአየር ንብርብር መልሶ ወደ ምድር ሲወረውረው ነው ሩቅ የሚሄደው። ያ ንብርብር ደግሞ በፀሐይ ነው የሚታዘዘው። ቀን ከፍ ያለው ሞገድ ይሠራል፣ ማታ ዝቅ ያለው። ስለዚህ ጣቢያዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእነሱ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ፣ ሞገድ ይለዋውጣሉ። ያን ሰሞን ሱቄ በሰው ይሞላል። «ጋሼ፣ ጀርመን ጠፋብኝ፣ ሬዲዮዬ ተበላሽቷል!» ሬዲዮው ምንም አልሆነም። መርፌዋን ገፋ አድርጌ ጀርመንን አገኝለታለሁ። ሒሳብ አልቀበልም፤ አንዳንዱ ግን ቡና ሳይጋብዘኝ አይሄድም።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ በሽታ መጣ። የአሜሪካና የጀርመን ድምፅ አማርኛ ሲጀምር ብቻ የወፍጮ ጩኸት የሚመስል ነገር ይሸፍነዋል። አንድ ገበሬ ከማና ድረስ ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሦስት ጊዜ ድንጋይ ቀይሯል። መርፌዋን ትንሽ ገፋ አድርጌ የሌላውን ጣቢያ ዓረብኛ አሰማሁት፣ ጥርት ያለ ነው። መለስኩት፣ ወፍጮው አለ። «ሬዲዮህ ጤነኛ ነው፣ በሽታው አየሩ ላይ ነው» አልኩት። ይህን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። አፈና፣ ማለትም ስርጭትን ሆን ብሎ በጩኸት መሸፈን፣ ምን እንደሚመስል በእነዚያ ሐሙሶች ከፕሮግራሙ ሰምቼዋለሁ። በመጋቢት 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ስርጭት እስከ ማፈን የሚደርስ አቅም እየገነባን ነው ብለው በይፋ ሲናገሩ፣ ገበሬው በሱቄ በር ሲያልፍ በእጁ ጆሮውን ነካ ነካ አድርጎ አሳየኝ።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሰምቼ አላውቅም። ስፖርቱ፣ ሙዚቃው፣ የፍቅር ደብዳቤው ሞልቷል። ሬዲዮ ራሱ እንዴት እንደሚመጣ የሚነግረን ግን የለም። ጅማ ዛሬ የራሷ ኤፍኤም አላት። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሰጡን ምን ይጎድልባቸዋል? ሞባይሉም እኮ በሞገድ ነው የሚሠራው፤ ለምን ኮረብታው ጀርባ ኔትወርክ እንደሚጠፋ የሚጠይቀኝ ልጅ በየቀኑ ይመጣል።

የኔዘርላንድስ ሬዲዮ በጀቱ 70 በመቶ ተቆርጦ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአጭር ሞገድ ወጣ። ማርክስ ግን ካሴቶቹን አልጣለም። የድሮ ፕሮግራሞቹን ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጓቸዋል። የልጄ ልጅ በስልክ ከፍታልኝ አንዱን ሰማሁት። ድምፁ ጥርት ከማለቱ የተነሳ እንግዳ ሆነብኝ። ያ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ የለም።

እኛስ? ብስራተ ወንጌልን በካሴት የቀዳ አባት በየቤቱ አለ። ካሴቱን ሻጋታ እየበላው ነው። ጋዜጣችሁ አንባቢን ቢጠይቅ የሚያመጣ አይጠፋም።

የአጎቴ ደብተርና ካርዶቹ እኔ ጋ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ጋዜጠኛ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። ጠዋት ጠዋት መብራት የለም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከጅማ