ከወላጅ ስለማይወረሰው የጡት ካንሰር የጂን ለውጥ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ጡት ካንሰር ሲጻፍ ዘወትር የሚነሱት በዘር የሚተላለፉት የብራካ ጂኖች በመሆናቸው፣ ፒአይኬ3ሲኤ የተባለው ጂን ተገቢውን ቦታ አላገኘም። በዚህ ጂን መመሪያ የሚሠራው ኢንዛይም፣ ኢንሱሊንና ሌሎች የዕድገት መልእክቶች ሲደርሱት የመባዛትን ትእዛዝ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ጂኑ ሲለወጥ ግን መልእክት ባይመጣም ትእዛዙ አይቋረጥም። ለውጡ የሆርሞን ተቀባይ ባላቸውና ኸር2 የተባለው የዕድገት ተቀባይ ፕሮቲን ባልበዛባቸው የጡት ካንሰሮች ከ100 በ40 ገደማ ይገኛል፤ የሚፈጠረውም በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ እንጂ ከእናት የሚወረስ አይደለም፣ ይህም ለልጆቻቸው ለሚሰጉ ታማሚዎች ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው አልፔሊሲብ የተባለው መድኃኒት ይህንኑ ኢንዛይም ይገታል፤ ኢንዛይሙ የኢንሱሊንም መልእክተኛ ስለሆነ መድኃኒቱ የደም ስኳርን ከፍ ማድረጉ አያስገርምም። ጋዜጣው ስለ መድኃኒቱ ሲዘግብ፣ የሚታዘዘው የጂኑ ለውጥ በምርመራ ለተረጋገጠባቸው መሆኑን አብሮ እንዲገልጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአንድ የዘወትር አንባቢ